ጭንቅላቱ ሳይታይ ኮፍያ አይወጣም

እህቴ ሱቅ መክፈታቸውን የሰማሁት በራችንን ካንኳኳ አንድ ጢማም ሞተረኛ ነው። ካልሲ እያጠብኩ ስለነበር በአረፋ የተሸፈነ እጄን ይዤ ወጣሁ።

«የሕፃናት ኮፍያ ሱቅ እዚህ ነው?» አለኝ።

«ተሳስተሃል፤ ይህ መኖሪያ ቤት ነው።»

ስልኩን አየ፣ የበሩን ቁጥር አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። «ጋሼ፣ አድራሻው ይኸው ነው። እንዲያውም ‹ጠንከር አድርገው ያንኳኩ፣ ወንድሜ አሳቡ ሌላ ቦታ ነው› ይላል።»

ከኋላዬ የእትዬ ድምፅ ደረሰ። «እንዳይሄድ! ሳይፈርም አይወስድም!»

ዘንድሮ በስልኩ ሱቅ የከፈተ ሰው የሌለበት ቤተሰብ ካለ እግሩ ሥር ሄጄ ልማር። ነርሷ ጫማ ትሸጣለች፣ የሒሳብ መምህሩ ሽቶ ይሸጣል፣ የአጎት ልጅ ሥራውን ለቆ የስልክ መያዣ ያስመጣል። ጀማሪ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፦ ዕቃው ሳይኖር ለሱቁ ስም ያወጣል፣ ዋጋ ሲጠየቅ «በውስጥ መስመር» ይላል፣ ገዢ ሲጠፋ ደግሞ ዘመድ አዝማዱን «ላይክ አድርጉልኝ» እያለ ያስጨንቃል። እትዬ ግን ከሁሉም ይለያሉ። ሌላው ጀማሪ የሚጨነቀው ገዢ ሲጠፋ ነው፤ እሳቸው የሚጨነቁት ገዢ ሲመጣ ነው።

አይፈረድባቸውም። ክብርት እህቴ ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ። በዘመናቸው ጠመኔ የፈለገ መምህር ያለቀበትን ጉማጅ ይዞ ካልቀረበ አያገኝም። ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው መጥረጊያ ሲጠይቁ «የቀድሞው ምን ሆነ?» ተብለዋል። «ዕቃ ዝም ብሎ አይወጣም» ይላሉ እትዬ፤ ጡረታ ወጥተውም ይላሉ፤ ከማንቆርቆሪያ ሻይ ስቀዳም ይሉኛል።

የሚሸጠው ኮፍያ የባለቤቴ ነው። መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የሹራብ ኮፍያ ትሠራ ነበር፤ ገሚሱ ለጎረቤትና ለባልደረባ ልጅ ይሄዳል፣ የቀረው ቁም ሳጥን ይገባል። እኛ ቤት የሚያደርገው ልጅ አልነበረም። ካረፈች በኋላ ያን ቁም ሳጥን ስምንት ወር ሙሉ አልከፈትኩትም። ብል እንዳይበላቸው እሰጋ ነበር፤ መክፈቱንም እፈራ ነበር፤ በሁለቱ መካከል ወራቱ ሄዱ።

እትዬ ለሁለት ሳምንት ብለው በአንድ ሻንጣ መጡ። አንድ ቀን ምሳ ላይ «የቁም ሳጥኑን ነገር እኔ ልያዘው?» አሉኝ። «ይያዙት» አልኩ፣ ናፍታሊን ይጨምሩበታል ብዬ። እሳቸው ሱቅ ከፈቱ።

ኮፍያ ፎቶ ለመነሣት ራስ ይፈልጋል። እትዬ ገበያ ወርደው መጠኑ የሕፃን ራስ የሚያክል ጥቅል ጎመን መርጠው መጡ፤ የምግብ ጠረጴዛዬ ላይ አንሶላ አንጥፈው ጎመኑን በየተራ ኮፍያ አለበሱት። ፎቶው በተለጠፈ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰባት ሰው ጻፈ። አምስቱ የጠየቁት የጎመኑን ዋጋ ነው። እትዬ ለአምስቱም «ጎመኑ የቢሮ መገልገያ ነው፣ አይሸጥም» ብለው መለሱ። ቅዳሜ ዕለት የቢሮ መገልገያውን በካሮት ሠርተን በላነው።

ማስታወቂያቸውም እንደዚሁ ነው። በቢጫው ኮፍያ ሥር የጻፉትን ቃል በቃል ልጥቀስ፦ «በግራ በኩል አንድ ቦታ ክሩ ዘሏል። ካልተነገረዎ አያዩትም፤ አሁን ግን ተነግሮዎታል።»

ዓይናቸው ስለደከመ እኔን ጸሐፊ አድርገው ሾሙኝ። ከሰዓት በኋላ አጠገባቸው እየተቀመጥኩ የደንበኛውን አነብባለሁ፣ የእሳቸውን እጽፋለሁ። አንድ ቀን አንዲት ሴት ነጩን ኮፍያ ጠየቀች። ነጩ፣ ባለቤቴ ሐኪም ቤት ከመግባቷ በፊት የጨረሰችው የመጨረሻው ነው። እጄ ስልኩ ላይ ቀረ።

«ለማን እንደሆነ ጠይቃት» አሉ እትዬ።

«ለልጄ ነው ትላለች።»

«ስንት ወሩ ነው?»

«በሚቀጥለው ወር ይወለዳል ትላለች።»

እትዬ መነጽራቸውን አወለቁ። «ገና ሳይወለድ? ጭንቅላቱ ሳይታይ ኮፍያ አይወጣም በላት!»

«እትዬ፣ እንዲህ ይባላል እንዴ? ደንበኛ እኮ ናት።»

«ደንበኛ ብትሆንስ? ራሱ ትልቅ ቢሆን ማን ሊጠየቅ ነው? ጻፍ!»

ጻፍኩ። ከዚያ እንዳነብላቸው አዘዙ። «‹እንኳን ደስ ያለዎት› የሚለውን ማን ጨመረው?»

«እኔ ነኝ።»

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ይሁን። ስትወልድ ግን በሜትር ለክታ ትላክ። ደግሞም ልጁ ሲያድግበት ኮፍያው ታጥቦ ይመለስ።»

«የተሸጠ ዕቃ ይመለሳል?»

«አንተ ልጅ፣ የወጣ ዕቃ ሁሉ ይመለሳል። ጻፍ።»

ሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው። ጻፍኩ። እውነቱን ለመናገር በዚያች ደቂቃ ደስ ብሎኝ ነበር፤ እንዲህ ያለ መልስ የተሰጠው ሰው አይመለስም፣ ነጩም ቤት ይቀራል ብዬ።

ሴትዮዋ በአምስተኛው ሳምንት ጻፈች። ሜትር የተጠመጠመበት፣ ዓይኑን የጨፈነ ቀይ ሕፃን ፎቶ ላከች፤ «ሠላሳ አምስት ሴንቲ ሜትር ነው፣ ይበቃዋል?» ትላለች። እትዬ መሳቢያቸውን ከፈቱ። ነጩ ኮፍያ በወረቀት ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ላዩ ላይ «ተይዟል፣ ባለቤቱ ያልተወለደ» ተብሎ ተጽፏል። በመሀል ሌሎች ሦስት ሰዎች ጠይቀውት ሳይነግሩኝ መልሰዋቸው ኖሯል።

«ይውጣ?» አሉኝ። በሕይወታቸው ዕቃ ስለማውጣት ሰው ሲያስፈቅዱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ይውጣ» አልኩ። ጢማሙ ሞተረኛ ፈርሞ ወሰደው። የዚያን ቀን ምሳ አልበላልኝ አለ።

አራት ወር ያህል አለፈ። አንድ ጠዋት በሩ ሲንኳኳ ሞተረኛው መስሎኝ ከፈትኩ። አንዲት ሴት ጉንጩ የተነፋ ሕፃን ታቅፋ ቆማለች። በሌላ እጇ ነጩን ኮፍያ ዘረጋችልኝ።

«ሲጠበው መልሱ ብላችሁ ነበር» አለች፣ እያፈረች። «አጥቤዋለሁ።»

እንዲህ ያለ ትእዛዝ በቁም ነገር የሚወስድ ደንበኛ አለ ብዬ አስቤ አላውቅም። ኮፍያውን ተቀበልኩ። ተለጥጧል፤ ከሳሙናው ሥር ወተት ወተት ይሸታል። ያመኛል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ግን ከስንት ወር በኋላ ትንፋሼ እስከ ታች ወረደልኝ። ኮፍያው ያለ ሰው ተቀምጦ አልቀረም፤ አንድ ራስ ሙሉ ክረምት አሙቋል።

«ማን ነው የሠራው?» አለች ሴትዮዋ። «እናቴ ‹የሠሪዋ እጅ ወርቅ ነው› እያለች ነው።»

ለሁሉም መልስ የማያጡት እትዬ በእጃቸው ወደ እኔ አመለከቱ።

«ባለቤቴ ናት» አልኩ። «አርፋለች።»

«ነፍሷን ይማር» አለች። ሕፃኑ የሸሚዜን ቁልፍ ይዞ ይጎትታል።

እትዬ ሜትራቸውን አነሡ። «በይ ግቢ፣ ብርድ ነው። ባለ ጆሮው ሰማያዊ ይሆነዋል፤ ራሱን ግን አሁኑኑ እለካዋለሁ፣ በአሮጌ ልክ አይሰጥም።»

አሁን ቁም ሳጥኑ ክፍት ነው። ከተመላሹ ነጭ ጋር አሥራ አንድ ኮፍያ ቀርቷል። እትዬ «ዕቃው ሲያልቅ እሄዳለሁ» ብለዋል፤ ሻንጣቸውም በሩ አጠገብ እንደቆመ ነው። ሰሞኑን ግን ደንበኛ ላይ የባሰ ጠንክረዋል። ትናንት አንዱን አባት የልጁ ስም አልወጣም ብለው መለሱት። በፊት ቢሆን እከራከራቸው ነበር። አሁን የተባልኩትን እጽፋለሁ፤ አንዳንዴም እሳቸው ሳይሰሙ ከራሴ ጨምሬ «ጥቂት ቢቆዩ ይሻላል» እላለሁ።

የሱቁ ገጽ ላይ የሚሞላው ሁሉ ተሞልቷል። አድራሻው አለ፣ «ሰኞ ጠዋት ልብስ ስለሚታጠብ ዝግ ነው» የሚለው አለ፣ የጎመኑም ፎቶ አለ። «የሠራችው» ከሚለው ፊት የባለቤቴ ስም የሚገባበትን ባዶ መስመር ግን እትዬ «ይህን አንተ ሙላው» ብለው ትተውልኛል።

እስካሁን አልሞላሁትም።