ኃላፊዋ ይፍቀዱ አይፍቀዱ አላውቅም

ሰው በሳሳበት አገር ሁሉ፣ የአካባቢውን ሥራ ጠቅልላ የያዘች አንዲት ሴት አትጠፋም። ቁልፉ ሁሉ እሷ ጋ ነው። ላግዝሽ ሲሏት «ተዉት፣ እኔው ይሻለኛል» ትላለች፤ ሥራው ሲከመርባት ደግሞ ሰው ጠፋ ብላ ታማርራለች። እናንተም ሰፈር አለች። ይሄኔ ስሟ ትዝ ብሏችሁ ፈገግ ያላችሁ ትኖራላችሁ።

የእኛዋ ክብርት ወይዘሮ ማርሊስ ኦደጋርድ ናቸው። የእኛ የሞንታናው የትምህርት ወረዳ ከስንዴ ማሳና ከከብት ሌላ ብዙም የለው፤ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያለው ተማሪ ተሰብስቦ በአንድ አውቶቡስ ይገባል። ወይዘሮ ማርሊስ የወረዳው ኃላፊ ናቸው። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርትም እሳቸው። አውቶቡሱን የሚነዱትም እሳቸው። ከጋራዡ ጀርባ ያለችውን፣ እኛ «ጓሮ» የምንላትን አማራጭ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩትም እሳቸው። ጓሮ የሚገባው ከመደበኛው ክፍል የወጣ ነው፦ የአባቱን ከብት ሲል የቀረ፣ ከአስተማሪ የተጣላ፣ እንደኔ ደግሞ ልጅ የታቀፈች።

ይሄስ ይሁን። ሰውን የሚያሳብደው፣ ወይዘሮ ማርሊስ አንዱን ሥራቸውን ከሌላው ጋር ፈጽሞ አለማስተዋወቃቸው ነው።

አንድ ጠዋት፣ በረዶው እስከ ጉልበት ደርሶ፣ አውቶቡሱ ደጄ ላይ ጡሩንባውን ነፋ። በካልሲ ብቅ አልኩ።

«ወይዘሮ ማርሊስ፣ ኦፓል ሌሊቱን ስታለቅስ ነው ያደረችው። ዛሬ ልቅር?»

«እኔ ሹፌር ነኝ። ስለ መቅረት ርዕሰ መምህርቷን ጠይቂ።»

«ርዕሰ መምህርቷ እርስዎ አይደሉ እንዴ!»

«እሳቸው የሚገኙት ቢሯቸው ነው። ግቢ፣ ብርድ አስገባሽ።»

ከነልጄ ተሳፈርኩ። ስንደርስ ባለ ጆሮ ቆባቸውን አውልቀው፣ መነጽራቸውን ሰክተው፣ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀመጡና «እህ፣ ዴና! ምን እግር ጣለሽ?» አሉኝ።

«ዛሬ ልቀር ፈልጌ ነበር።»

«ከመጣሽ ወዲያ የምን መቅረት ነው?»

«እሺ፣ ሕፃኗን ይዤ ክፍል ልግባ?»

«እኔ በበኩሌ ደስታዬ ነው። ኃላፊዋ ይፍቀዱ አይፍቀዱ ግን አላውቅም።» ተነሥተው ማዶ ወዳለው ጠረጴዛ ሄዱ፤ የኃላፊነት ኮታቸውን ደርበው ትንሽ አሰቡ፤ አውልቀው ተመለሱ። «ፈቅደዋል። ፊታቸው ግን ጥሩ አይደለም።»

የቅርጫት ኳስ ግጥሚያውን በማይክ የሚያስተላልፉት ማን እንደሆኑ አትጠይቁኝ። «ኳሷ ወጥታለች። ላይኛው ወንበር ላይ ፈንዲሻ የምትበላው ዴና ሩድ የታሪክ ጽሑፏን እስካሁን አላስረከበችም። ኳሷ የእኛ ናት።» የጎረቤት ወረዳ ደጋፊ በሙሉ ዞሮ አየኝ። በእረፍት ሰዓት አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ጻፊላቸውና ተገላገዪ» አሉኝ።

ጻፍኩ። ሌላውንም ሁሉ ጨረስኩ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ላሞች መውለድ በጀመሩበት ሰሞን፣ የመጨረሻ ፈተናዬን አለፍኩ። ከትምህርት ቤቱ ማዶ ያለው የአረጋውያን መጦሪያ ደግሞ አስታማሚ ይፈልግ ነበር። ሥራ አስኪያጁ «ሰኞ የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማሽን ይዘሽ ከመጣሽ ሥራው ያንቺ ነው፤ ካልሆነ የምትጠብቅ ሌላ አለች» ብሎኛል። ሐሙስ ዕለት ወደ ወይዘሮ ማርሊስ ሮጥኩ።

«ያለ ምረቃ ዲፕሎማ አይሰጥም» አሉኝ።

«የጨረስኩት እኮ እኔ ብቻ ነኝ!»

«እና? አንቺ ሰው አይደለሽም?»

«አገሩ ሁሉ ላም እያዋለደ ማን ይመጣል? በናትዎ፣ ወረቀቱን ብቻ ይስጡኝ።»

«እኔማ አሁኑኑ በሰጠሁሽ። ግን ኃላፊዋ…»

ጥርሴን ነክሼ ወጣሁ።

ዓርብ ከሰዓት፣ ጂምናዚየሙ ውስጥ፣ ቁም ሳጥን ቁም ሳጥን የሚል ጋውን ለብሼ ቆምኩ። ተማሪው በሙሉ ተሰብስቦ ከፊት ያለውን ወንበር እንኳ አልሞላም። ለቤተሰብ የተዘጋጁት፣ ሪባን የታሰረባቸው ሁለት ወንበሮች ባዶ ናቸው። እናቴ ጠዋት ደውላ «ጊደሯ ምጥ ላይ ናት፣ ጥጃው በኋላ እግሩ መጥቷል፣ ትቻት አልወጣም» ብላኛለች። የኦፓልን አባት አናንሳው። ኦፓልን የጽዳት ሠራተኛችን አቶ ሌስተር ታቅፈዋታል።

ወይዘሮ ማርሊስ ፒያኖ እየመቱ ወደ መድረኩ አስወጡኝ። ከፒያኖው ተነሥተው፣ ርዕሰ መምህርት ሆነው እንኳን ደህና መጣችሁ አሉ። ቀጥለው «አሁን የወረዳችንን ኃላፊ ወደ መድረክ እጋብዛለሁ» ብለው በግራ ወረዱ፣ ኮታቸውን ደርበው በቀኝ ወጡና ርዕሰ መምህርቷን ስለ ግብዣው አመሰገኑ። ትንንሾቹ አጨበጨቡ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«አሁን እንደ ልማዳችን፣ የተመራቂዋ ቤተሰብ ይቁምልን» አሉ።

የቆመ የለም። አንድ ልጅ አስነጠሰ። ወይዘሮ ማርሊስ ባዶዎቹን ወንበሮች አዩ። እኔን አዩኝ። ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው ማይኩ ላይ ሰቀሉት፤ ከመድረኩ ወርደው ኦፓልን ከአቶ ሌስተር ተቀበሉና ሪባን ካለበት ወንበር ፊት ቀጥ ብለው ቆሙ።

መድረኩ ላይ ብቻዬን ቀረሁ።

«ወይዘሮ ማርሊስ» አልኩ በሹክሹክታ፣ «ዲፕሎማውን ማን ይስጠኝ?»

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? እኔ ቤተሰብ ነኝ።»

«ኃላፊዋስ?»

«አላየኋቸውም። ያው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ አንሺውና ውረጂ፣ ልጅሽ ርቧታል።»

አነሣሁት። ወይዘሮ ማርሊስ ሁለት ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከትተው፣ ከብት እንደሚነዳ ሰው አፏጩ። ኦፓል ደንግጣ ጮኸች። እኔም ዓይኔን ጠራረግኩ፤ ጋውኑ አቧራ ነበረው።

ሰኞ ገና ሳይነጋ ጡሩንባው ደጄ ላይ ጮኸ።

«ወይዘሮ ማርሊስ፣ ጨርሻለሁ እኮ! ተማሪ አይደለሁም!» አልኩ በመስኮት።

«እኔ ሹፌር ነኝ። ስለ እሱ ርዕሰ መምህርቷን ጠይቂ። ግቢ፣ አረጋውያኑ ቁርስ ሳይበሉ ይጠብቁሻል።»

እያጉረመረምኩ ወጣሁ። ዲፕሎማዬንና የኦፓልን ቦርሳ ግን ከማታ ጀምሮ በሩ ሥር አዘጋጅቼ አስቀምጬ ነበር።