ክብደቱ የማይሰማው ማማ

በሰሜን ዊስኮንሲን፣ እኛ በምንኖርባት ከተማ፣ የአጋዘን አደን የሚከፈተው በኅዳር ወር ውስጥ በአንድ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ነው። ዝግጅቱ ግን ከነሐሴ ይጀምራል። የአጋዘኖቹ ዝግጅት ምን እንደሚመስል ባይታወቅም የእኛ በከፍተኛ ትጋት ይካሄዳል። ዘንድሮ በዚህ ትጋት ግንባር ቀደም ሆኖ የተገኘው ከአይብ ፋብሪካ በጡረታ የተሰናበተው ኖርበርት ጋስማን ነው።

ከከተማችን በላይ ባለው ጋራ ጫፍ ላይ አንድ ትልቅ የኦክ ዛፍ አለ። የኖርበርት አባት ክላረንስ ያረጀው እዚያ ዛፍ ላይ ተቀምጦ ነው ማለት ይቻላል። ጫካው የወረዳው ስለሆነ ዛፉ በወረቀት የማንም አይደለም፤ በልማድ ግን የጋስማኖች ነው። ልማዱም አጭርና ግልጽ ነው፤ በመክፈቻው ዕለት ፀሐይ ስትወጣ ዛፉ ዘንድ ተቀምጦ የተገኘ ሰው ባለቤቱ ይሆናል፣ ያልተገኘ ለተገኘው ይለቃል፣ ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም። ወረዳው ደግሞ በሕዝብ ጫካ ምስማር መምታትም ሆነ ማማ ማሳደር ስለከለከለ፣ አዳኝ ማማውን፣ ማለትም ዛፍ ላይ ሰቅሎ የሚቀመጥበትን ወንበር፣ ጠዋት ተሸክሞ ይወጣል፣ ማታ ተሸክሞ ይወርዳል።

ችግሩ ወገብ ነው። ሐኪሙ ኖርበርትን «ከእንግዲህ ከባድ ነገር እንዳታነሳ» ብሎታል። መፍትሔው ቀላል ነበር። የሚስቱን ወንድም ራንዲን ጠርቶ «ወገቤን እያመመኝ ነውና እባክህ አግዘኝ» ማለት ብቻ። ነገር ግን በእኛ አገር ወንድ ልጅ «ወገቤን» የሚለው ከተቀበረ በኋላ ነው። በዚያ ላይ ራንዲ ያንን ዛፍ ከእህቱ ሠርግ ቀን ጀምሮ ሲመኘው የኖረ ሰው ነው፤ ኖርበርት አንድ ቀን «አመመኝ» ቢል በማግስቱ ዛፉ ላይ ቤት ይሠራል። ስለዚህ ኖርበርት እኛ ሁላችን በጭንቅ ሰዓት የምናደርገውን አደረገ። ዕቃ ገዛ።

መጀመሪያ የገዛው ተንቀሳቃሽ ማማ ነው። በማስታወቂያው ላይ ጢሙን ያጎፈረ ጎልማሳ ማማውን በአንድ ትከሻው አንጠልጥሎ፣ እየሳቀ፣ አቀበት ሲወጣ ይታያል። «ክብደቱ አይሰማም!» ይላል። ለእውነት ሲባል መነገር ያለበት፣ ማማው ቀላል ነበር። ግን ማንገቻው ቀጭን ነውና ትከሻውን ቆረጠው። ኖርበርትም ወፍራም፣ ስፖንጅ የተሞላ ማንገቻ ገዛ። ወፍራሙ ማንገቻ ክብደቱን ወደ ወገብ ስላወረደው ወገብ የሚደግፍ ሰፊ ቀበቶ አስፈለገ። ቀበቶው የሚታሰርበት ብረት ስለሌለው የብረት ፍሬም ተጨመረ። ፍሬሙ ጀርባውን ፈገፈገው፤ ለጀርባው ትራስ ተገዛ። ትራሱ አላበው፤ ላብ የወጣበት ሰው ውሃ ይጠጣልና ከነቱቦው የሚታዘል የውሃ ከረጢት መጣ። በጥቅምት ማገባደጃ ላይ ኖርበርት ሁሉንም አዝሎ ቀና ለማለት ሲሞክር፣ ወደ ኋላ ተንጋሎ በመኖሪያ ቤቱ ሣር ላይ እንደ ኤሊ ቀረ። የትምህርት ቤት አውቶቡስ የምትነዳው ሚስቱ ዳርሊን ከሥራ ስትመለስ ነው ያነሳችው።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ሰማዩን እያየሁ ነው» አላት። «ሊዘንብ ይመስላል።»

በማግስቱ ዳርሊን ወጥ ቤት ስትገባ፣ ጠረጴዛው ላይ ከደረት የሚንጠለጠል አዲስ ከረጢት አገኘች። ልታነሳው ሞክራ አቃታት።

«ኖርቢ፣ እዚህ ውስጥ ያለው ድንጋይ ነው እንዴ?»

«ማመጣጠኛ ነው።»

«ድንጋይ ነው።»

«የኋላው ወደ ኋላ ይስበኛል፤ የፊቱ ወደ ፊት ይስበኛል። ሁለቱ ሲጓተቱ እኔ መሃል ላይ አርፌ እሄዳለሁ።»

«እና ጋራ ላይ ድንጋይ ተሸክመህ ልትወጣ ነው።»

«ለምቾት» አለ ኖርበርት።

ዳርሊን ባሏን አየችው። ወለል ላይ አንድ ነገር ሲወድቅበት መጀመሪያ ወንበር ፈልጎ የሚቀመጥ፣ ካልሲውን ሊያጠልቅ መኝታ ቤት የሚዘጋ ሰው ነው። ሁሉንም ታውቃለች። «ወገብህን ያመሃል፣ አይደል?» ብላ ስትጠይቀው «ወገቤማ ብረት ነው» አላት።

ኖርበርት ግን አላረፈም። ለኩባንያው ስልክ ደወለ። ብዙ ሙዚቃ ካስደመጡት በኋላ ድምፅዋ ማር የሆነች ሴት መለሰችለት።

«ክቡር ደንበኛችን፣ ምን ልርዳዎት?»

«ከበደኝ» አለ ኖርበርት በሹክሹክታ፤ ዳርሊን እንዳትሰማው መታጠቢያ ቤት ገብቶ ነበር።

«ይቅርታ፣ ምርታችን አይከብድም።»

«ይገባኛል፤ ግን ከበደኝ።»

«ባደረግነው ጥናት መሠረት የሚከብደው ማማው ሳይሆን የተጠቃሚው አመለካከት ነው። ለዚህም የሸክም ማቅለያ የተሟላ ጥቅል አዘጋጅተናል። ሁለት የመራመጃ ዘንጎች፣ የዘንጎቹ መያዣ፣ የመያዣው ቦርሳ…»

«ቦርሳው ይከብዳል?»

«ክብደቱ አይሰማም» አለች።

ጥቅሉ በሳምንቱ ደረሰ። ኖርበርትም ሁሉንም ለብሶ፣ አርብ ማታ ከተማው በሙሉ የተጠበሰ ዓሣ ሊበላ ወደሚሰበሰብበት መጠጥ ቤት ሄደ። በሩ ስላላሳለፈው በጎን ገባ። መቀመጥ ስላልቻለ ቆሞ በላ። ወንዶቹ ብርጭቋቸውን ይዘው ከበቡት፤ ዘለበቱን ነካኩ፣ ስፖንጁን ጨመቁ፣ ብረቱን በጥፍራቸው መቱ። ስለ አጋዘን ያነሳ አንድም ሰው አልነበረም።

«አማች!» አለ ራንዲ ከባንኮኒው ማዶ። ራንዲ ጎማ ቤት ያለው፣ ሆዱ ቀድሞት የሚገባ ሰው ነው። «ቤትህን ነው የተሸከምከው ወይስ ሚስትህ አስወጥታህ ነው?»

«ሳቅ እንጂ! ምንም አይሰማኝም።»

«ፊትህ ቀይ ሥር መስሏል እኮ።»

«ምድጃው ነው።»

«ሰውዬ፣ እኔ እንዳንተ አላረጀሁም። ማማዬን በአንድ ጣቴ ነው አንጠልጥዬ የምወጣው» አለና ቤቱን አሳቀ። ኖርበርትም አብሮ ሳቀ፤ ሲስቅ ግን ከወገቡ እስከ ተረከዙ አንድ ነገር ሰነጠቀው፤ ዓሣውን ሳይጨርስ ወጣ። ያን ምሽት ራንዲ ቤቱ ገብቶ የኩባንያውን ድረ ገጽ እንደከፈተ በኋላ ሰምተናል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል፤ ራንዲ ግን የታነቀው በትልቁ ልክ ዕቃ ነው። ኩባያ ማስቀመጫ ያለውን አዘዘ።

በመክፈቻው ዋዜማ ኖርበርት ሁሉን ለብሶ ሲያበቃ አንድ ነገር እንደቀረ ታወቀው። ጠመንጃው። በቀኝ ትከሻው ቢያነግተው ወደ ቀኝ አዘመመ፤ በግራ ቢያደርገው ወደ ግራ። ወራት የፈጀው ሚዛን በአንድ ጠመንጃ ተናጋ። ወንበር ፈልጎ ተቀመጠና በጥሞና አሰበበት። ልማዱ የሚለው «ፀሐይ ስትወጣ ተቀምጦ የተገኘ» ነው። ስለ ጠመንጃ ልማዱ የሚለው ነገር የለም። ከዛፉ ላይ ተቀምጦ ባለቤትነቱን ካረጋገጠ በኋላ ወርዶ ጠመንጃውን ቢያመጣ ማን ይከለክለዋል? ስለዚህ ለአደን ከሚያስፈልጉት ዕቃዎች ሁሉ የማያስፈልገውን አንዱን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ትቶ ተኛ።

ከኖርበርት ጓሮ ተነስቶ በከተማው መቃብር አጥር ሥር ወደ ዛፉ የሚያወጣ አቋራጭ መንገድ አለ። ክላረንስ ዕድሜውን ሙሉ የወጣው በዚያ ነው። ኖርበርት ግን ከነምቾቱ በዛፎቹ መሃል ስለማያልፍ፣ ዕቃውን በፒክአፕ ጭኖ ጋራውን ዞሮ ወደ ዋናው የመኪና ማቆሚያ ሄደ። ሲደርስ ከእሱ ሌላ አንድ ፒክአፕ ቆሟል። ከጎኑ ራንዲ፣ ከአንገቱ እስከ ጉልበቱ ተጠፍሮ፣ ኩባያው ቦታው ላይ ተቀምጦ።

ሁለቱ ተያዩ። አንዳቸውም ስለ አንድ ጣት አላነሱም።

እዚህ ላይ ስለ ዕቃው አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ከኋላ ያለው ትልቁ ዘለበት የሚቆለፈው በሌላ ሰው እጅ ነው። ኩባንያው ይህን «የአብሮነት ባህል» ብሎታል።

«ቆልፍልኝ» አለ ኖርበርት።

«አንተ መጀመሪያ የኔን ቆልፍ።»

«ከቆለፍኩልህማ ሮጠህ ትቀድመኛለህ።»

«በዚህ ሸክም ማን ይሮጣል?»

«ከብዶሃል ማለት ነው?»

«ኧረ! ምንም አይሰማኝም!»

«እኔም።»

በመጨረሻ በአንድ ጊዜ ሊቆላለፉ ተስማሙ። አንዱ የሌላውን ኋላ ሊይዝ ሲዞር ሌላውም ይዞራል፤ እንደሚሸታተቱ ውሾች በአንድ ቦታ ሲሽከረከሩ ምሥራቁ ቀላ። ኖርበርት ቀና ብሎ ጋራውን አየ። አባቱ በዚህ ሰዓት ዛፉ ላይ ሆኖ የዝንጅብል ብስኩት እየቆረጠመ ፀሐይዋን ይቀበላት እንደነበር ትዝ አለው። «ራንዲ፣ በአባቴ ይሁንብህ፣ ፍጠን» አለ። ራንዲም ልቡ ትንሽ ራራ፤ ግን እጁ ወፍራም ጓንት ውስጥ ነበርና ዘለበቱ አልያዘለትም። ፀሐይዋ ወጣች።

ወዲያው ከጋራው ጫፍ አንድ የጠመንጃ ድምፅ ተሰማ።

«ማነው?» አለ ራንዲ።

«ዛፌ!» አለ ኖርበርት። እንደምንም ዘለበቱን ተቆላለፉ።

ወጡ። በታላቅ ምቾት ወጡ። በየጥቂት እርምጃው ቆሙ፤ ማንም ስለደከመው ሳይሆን ተፈጥሮን ለማድነቅ ነው። ራንዲ አንድ ጉቶ በጣም አደነቀ፤ ተቀምጦበት መነሳት እስኪያቅተው ድረስ። ዛፉ ጋ ሲደርሱ ፀሐይዋ ከፍ ብላ በረዶው ያብረቀርቃል።

ዳርሊን የኦኩን ግንድ ተደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች። የኖርበርትን አሮጌ ብርቱካንማ ሰደርያ ለብሳለች፤ ጠመንጃው ጭኗ ላይ ነው፤ ፊት ለፊቷ ቀንዱ የተንሰራፋ ትልቅ ወንድ አጋዘን ወድቋል።

«የት ቀርታችሁ ነው?» አለች። «ጠመንጃህን ረስተህ በጓሮ ይዤልህ ወጣሁ። ብጠብቅ ብጠብቅ የለህም። ይሄ አጋዘን መጣ። 'ቆይ ባሌ ይድረስ' አልለው ነገር።»

ፈቃድ አላት። በእኛ አገር ባል በየዓመቱ በሚስቱ ስም የአደን ፈቃድ ያወጣል፤ እሷ እንድታድን ሳይሆን እሱ አንድ አጋዘን እንዲጨምር። ሕጉ ይህን እንዴት እንደሚያየው ጠይቀን አናውቅም። ሚስቶቻችን እንዴት እንደሚያዩትም እስከዚያ ቀን ድረስ አልጠየቅንም።

«ፀሐይ ስትወጣ እዚህ ነበርሽ?» አለ ራንዲ፣ ቁና ቁና እየተነፈሰ።

«ተቀምጬ።»

«እንግዲህ ልማድ ልማድ ነው» አለ ራንዲ። ሐዘኑን ደስታው አሸንፎት ነበር። «ዛፉ የዳርሊን ነው።»

ኖርበርት ከነድንጋዩ ቆሞ ቀረ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ ላብ ነው ብሎ በጓንቱ ጠረገው። ዳርሊን ተነሳች፤ መጥታ ከኋላው ያለውን ዘለበት በአንድ እጇ ፈታችው። ዕቃው ሁሉ ዘጭ ብሎ ወረደ። ከክምሩ ውስጥ ማማውን መዝዛ በሁለት ጣቷ አንጠለጠለችው።

«ይኼ እኮ ቀላል ነው» አለች ተገርማ። «ታዲያ ይህን ሁሉ ወር ምንድን ነው የከበደህ?»

«እንዳይከብደኝ የገዛሁት» አለ ኖርበርት። ለአፍታ እውነት አምልጦት ነበር።

«ስማኝ ኖርቢ። ዛፉን አልፈልገውም፤ ቂጤ ቀዝቅዟል። የአባትህ ነው፣ ውሰደው። አንድ ነገር ብቻ እዚህ፣ ራንዲ ፊት በለኝ። 'ወገቤን ያመኛል' በል።»

ኖርበርት ዛፉን አየ፤ አባቱ ሲረግጠው ኖሮ የለሰለሰውን ዝቅተኛ ቅርንጫፍ አየ። አፉን ከፈተ። ከዚያ ራንዲን አየ። ራንዲ በዘንጎቹ ተደግፎ በጉጉት ይጠብቃል።

«ዛፉ ይቅርብኝ» አለ ኖርበርት።

«ኖርቢ!»

«ወገቤማ ብረት ነው። ይልቅ አጋዘንሽን እኔ እጎትትልሻለሁ» አለና ጎንበስ ብሎ ቀንዱን ያዘ። እንደያዘ ቀረ። አልተነሳም።

ዳርሊን ጠበቀች። ራንዲም ጠበቀ።

«ምን ሆነህ ነው አማች?» አለ ራንዲ።

«ዱካ እያየሁ ነው» አለ ኖርበርት ከመሬቱ ጋር ተፋጦ።

«የሞተ አጋዘን ፊት ምን ዱካ አለ?»

«ሌላ አለ። ትልቅ።»

«እስቲ» አለ ራንዲ፤ እሱም ጎንበስ አለ። ጉልበቱ ቋ አለ። «እውነትህን ነው» አለ ራንዲ ከዚያው ከታች፣ በተጨነቀ ድምፅ። «በጣም ትልቅ ነው።»

ዳርሊን ማማውን በትከሻዋ፣ ጠመንጃውን በእጇ ይዛ፣ አጋዘኑን የሚጎትት ሰው ለመፈለግ በአቋራጩ ወረደች። ሁለቱ ግን በጥሞና እየመረመሩ ቆዩ።