የቁራው መሐላ ቁጥር ሁለት ተጠባባቂዎች መረዳጃ ማኅበር

የአገራችን የትዕግሥት ታሪክ በቅጡ የሚጻፍበት ቀን ከመጣ፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ አየር ጤና ላይ፣ ከታክሲ ፌርማታው ጀርባ ባለችው የጆሲ ጌም ቤት ውስጥ ለተፈጸመው ገድል መሰጠት አለበት። ሰው ኮንዶሚኒየም ይጠብቃል፤ ይሄ ተራ ነገር ነው። ታክሲ ይጠብቃል፤ ጦር ኃይሎች የቆመ ሁሉ የሚያደርገው ነው። ክቡር ሊቀመንበር የኔሰው ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ አንድም ቀን ሳይሰለች፣ የአንድ ቪዲዮ ጨዋታ ሁለተኛ ክፍል ሲጠብቅ ኖሯል።

ጨዋታው "የቁራው መሐላ" ይባላል። ለማያውቅ ሰው ለማስረዳት ያህል፣ ሰይፍ የታጠቀ አንድ ጀግና አለ፤ ዘንዶ አለ፤ ጠንቋይ አለ፤ የሚከዳ ንጉሥ አለ። ጀግናው ምን እንደሚናገር፣ ከማን ጋር እንደሚጣላ፣ ማንን እንደሚያገባ የሚወስነው ተጫዋቹ ነው። በማሸጊያው ላይ "ከአሥራ ስምንት ዓመት በላይ" የሚል ቀይ ምልክት ታትሟል። የኔሰው ከጨዋታው ሁሉ አብልጦ የሚኮራው በዚህ ምልክት ነበር። እናቱ እትዬ ወለተጻድቅ በር ላይ ቆመው፣ "ኧረ አንተ ልጅ፣ ተኩላ ስታሳድድ መሸ እኮ!" ሲሉት፣ ማሸጊያውን አንሥቶ ምልክቱን ያሳያቸዋል።

"እማዬ፣ ይሄ እኮ የልጆች አይደለም። ለበሰለ ሰው ብቻ ነው የተፈቀደው።"

የመጀመሪያውን ክፍል የጨረሰው በሃያ አራት ዓመቱ ነው። በዚያ ጨዋታ ውስጥ የኔሰው ትዳርም ይዟል። ኢልዳራ የምትባል የአንጥረኛ ልጅ ለማግባት ከተራራ ጫፍ አበባ አምጥቷል፤ የዘንዶ ጥርስ ነቅሏል፤ አባቷ ፊት ሦስት ጊዜ ተንበርክኮ "ልጅዎን ይስጡኝ" ብሏል። ጨዋታው ሲያበቃ ጀግናው ኢልዳራን በር ላይ አቁሞ "እመለሳለሁ" ይላትና ወደ ጭጋጉ ይገባል። ጨዋታውን የሠራው ድርጅትም ሁለተኛው ክፍል "በቅርቡ" እንደሚወጣ አስታወቀ።

ማኅበሩ የተቋቋመው በዚያው ሳምንት ነው። ለማኅበር ደግሞ መተዳደሪያ ደንብ ያስፈልጋል። እንደ አጋጣሚ የጌም ቤቱ ባለቤት ጆሲ የሰፈሩን እድር ደንብ በኮምፒውተር ጽፎ አስቀምጦት ነበር። በመሆኑም "ሟች" የሚለው ቃል በገባበት ሁሉ "ጨዋታው" ተብሎ እንዲተካ ተወሰነና ደንቡ በሩብ ሰዓት ተጠናቀቀ። አንቀጽ አሥራ አንድ "ጨዋታው ሚስትና ልጆች ካሉት ማኅበሩ ከጎናቸው ይቆማል" ይላል። አባላቱ በሙሉ ድምፅ አጸደቁት።

አንቀጽ ሰባት ግን የተሻሻለው ቆይቶ፣ በደረሰ ችግር ምክንያት ነው። ጨዋታው ለመጀመሪያ ጊዜ ተራዘመ ሲባል፣ ኑሕ የተባለው አባል ዜናውን ጦር ኃይሎች ታክሲ ተሰልፎ ሳለ በስልኩ አነበበው። እዚያው ተዝለፍልፎ ወደቀ። መንገደኛ ተሰበሰበ፤ ውኃ ረጩበት፤ አንዲት እናት "ወንድሜን! ማን ሞቶበት ይሆን?" ብለው አለቀሱ። ከዚያ ወዲያ ማኅበሩ ቆፍጠን ያለ አቋም ወሰደ። ስለ ጨዋታው የሚመጣ ማንኛውም ክፉ ዜና በስልክ አይነገርም። አባሉ እንደ ወጉ በማለዳ፣ በቤቱ ተቀምጦ፣ የሚይዘው ሰው በአጠገቡ ቆሞ፣ በሦስት ሽማግሌዎች መርዶውን ይረዳል። "ማንኛውም አባል ራሱን በራሱ ማርዳት አይችልም" የሚል ሐረግም በየኔሰው ጥቆማ ተጨመረበት።

ሽማግሌዎቹን የሚመሩት ጋሼ ሀብተማርያም ነበሩ። የእድሩ ዳኛ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት አሳልፈው ጡረታ የወጡ፣ እንቢ ማለት የማያውቁ ሰው ናቸው። "ወጣት ከጠራኝማ" ብለው ገቡበት። ሦስት ጊዜ መርዶ ነገሩ። ሦስቱንም ጊዜ ነጠላቸውን እንደ ለቅሶ ለብሰው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ልጆቼ፣ ሰው ያሰበው ሁሉ አይሆንም። ጨዋታው ወደሚቀጥለው ዓመት ተላልፏል" አሉ። ሦስቱንም ጊዜ ተለቀሰ፤ ንፍሮ ተበላ። ቃለ ጉባኤውም "ኀዘኑ በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል" በሚል ተዘጋ።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ የሥራ ጫና መካከል ሊቀመንበሩ እጮኛ ነበረው። ፅዮን ትባላለች፤ ጦር ኃይሎች ካሉት መድኃኒት ቤቶች በአንዱ ትሠራለች። ስድስት ዓመት አብረው ቆይተዋል። ሽማግሌ ወደ አባቷ መላክ ብቻ ነበር የቀረው። አንድ ቅዳሜ ከሥራ ስትወጣ ጌም ቤቱ ድረስ መጥታ ውጭ አስጠራችው።

"የኔሰው፣ አባዬ ዛሬም ጠየቀኝ።"

"ምን አልሽው?"

"ሽማግሌ ይልካል አልኩት። እንደ አምናው። እንደ ካቻምናው።"

"እልካለሁ እኮ! ጨዋታው ብቻ ይውጣና።"

"ጨዋታውና ሽማግሌ ምን አገናኛቸው?"

"ፅዮኔ፣ ሽማግሌዎቹ ተጠባባቂ ናቸው። እነሱ እናንተ ቤት ተቀምጠው ሳለ ጨዋታው ተራዘመ ቢባልስ? ማን ያረዳናል?"

"በኮልፌ ሽማግሌ አለቀ?"

"ልምድ ያላቸውን ማለቴ ነው።"

ፅዮን ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው አዛወረች። ከውስጥ የሰይፍ ድምፅ ይሰማል።

"እኔ ደጅ ላይ ቆሜ አላረጅልህም፣ የኔሰው" አለችው።

የኔሰው የሰውን ሐሳብ የሚንቅ መሪ አይደለም። ተመልሶ ገብቶ "ከባለድርሻ አካል የቀረበው አስተያየት በበጎ ተወስዷል" ብሎ በመዝገቡ ላይ አሰፈረ።

ግንቦት በገባ በሳምንቱ የሰፈሩ ሁኔታ ተለወጠ። ሊቀመንበሩ ሲያልፍ ሰው ወሬውን ያቋርጣል። የሱቋ እሙ ዳቦውን ስትሰጠው ያለ ምንም ምክንያት "አይዞህ" አለችው። ጆሲ ዓይኑን ማየት ፈራ። እትዬ ወለተጻድቅ ተኩላውን መውቀስ ትተው የወጡን ሥጋ ሁሉ ወደ እሱ መግፋት ጀመሩ። ፅዮን ስልኳን ካነሣች ሁለት ሳምንት አልፏት ነበር፤ ይህን እንኳ ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ ሥራ በዝቶባት ይሆናል።

የኔሰው ሞኝ አይደለም፤ ነገሩ ወዲያው ገባው። ጨዋታው ተራዝሞ አይደለም። ጭራሽ ቀርቷል!

ስልኩን አውጥቶ አንድ ጊዜ ቢነካው እውነቱን ያገኝ ነበር። ግን አንቀጽ ሰባት አለ። ደንቡን ያረቀቀ ሰው ደንቡን ሲጥስ ለተከታዩ ትውልድ ምን ያስተምራል? አስቸኳይ ስብሰባ ጠርቶ እንዲህ ሲል ንግግር አደረገ፦

"ክቡራን አባላት፣ ከፊታችን ከባድ ቀን ተደቅኗል። እኔ ምንም አልሰማሁም፤ የሰማችሁም አትንገሩኝ። ፊታችሁን ግን አይቻለሁ።"

አባላቱ አንገታቸውን ደፉ። ኑሕ "አይ የኔሰው፣ አይ ወንድሜ" እያለ ተነሥቶ ወጣ።

በማግስቱ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በሩ ተንኳኳ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ናቸው። ከኋላቸው እትዬ ወለተጻድቅ፣ ከእሳቸው ኋላ ደግሞ ለመያዝ የተዘጋጁ ጆሲና ኑሕ ቆመዋል። ይሄኔ የኔሰው በፒጃማው መሬት ላይ ወደቀ።

"ወይኔ! ወይኔ ዘጠኝ ዓመቴን!"

"ቁጭ በል ልጄ፤ ወንድ ልጅ ነህ" አሉ ጋሼ ሀብተማርያም። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ሰው ያሰበው ሁሉ አይሆንም። ነገሩ የፅዮን ነው።"

"ፅዮን ምን ሆነች?"

"ደህና ናት። ሳንሱሲ አካባቢ ጋራዥ ያለው ለሊሳ የሚባል ሰው ሽማግሌ ልኮ አባቷ ፈቅደዋል። ሰርጉ ግንቦት መጨረሻ፣ ጾም ሳይገባ ነው። ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ለአንተ በመንገድ እንዳይነገር ብለን ነው የቆየነው።"

እትዬ ወለተጻድቅ ልጃቸው ራሱን ቢስት ለመደገፍ እጃቸውን ዘረጉ። የኔሰው ቀስ ብሎ ቀና አለ።

"ጨዋታውስ?"

"የምን ጨዋታ?"

"የቁራው መሐላ ነዋ! ቀርቷል?"

"ኧረ አልቀረም!" አለ ጆሲ ከበር። "ትናንት ማታ ቀኑ ተቆረጠ። ሰኔ መግቢያ ላይ ይወጣል።"

"ተመስገን!" የኔሰው ከመሬት ተነሥቶ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አቀፈ። "እንዴት አስደነገጣችሁኝ! ሰው እንዲህ ይደረጋል? ልቤ ቆሞ ነበር እኮ!" ከዚያም ወጉ እንዳይቀር "ፅዮን ጥሩ ልጅ ናት። ትዕግሥት ብቻ ነው የጎደላት" አለ።

እትዬ ወለተጻድቅ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ጋሼ ሀብተማርያም ከዘራቸውን ፈልገው አነሡና በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ።

"ልጄ፣ ለጨዋታው ሦስት ጊዜ አስመጣኸኝ። አንድ ቀን እንኳ ወደ እሷ አባት ብትልከኝ ምን ነበረበት? ቤታቸው እኮ ከእኔ ቤት ሁለት በር ነው።"

የኔሰው ግን ጊዜ አልነበረውም፤ የጨዋታውን የምረቃ ኮሚቴ ማቋቋም ነበረበት።

ሰኔ ገባ። ቀኑ ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ የጌም ቤቱን ቆርቆሮ እየደበደበ አባላቱ በሙሉ ተሰበሰቡ። ሊቀመንበሩ ስለ ጽናት ሃያ ደቂቃ ተናገረ፤ ዝናቡ ስለነበር የሰማው የለም። የአባልነት ቁጥሩ አንድ ስለሆነም የመጀመሪያው ተጫዋች ራሱ ሆነ። የድሮው ጨዋታ ከነታሪኩ ማሽኑ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ አዲሱ ካቆመበት ቀጠለ።

ጀግናው ከጭጋጉ ወጣ። ሰፈሩ ደረሰ። የአንጥረኛውን ቤት አንኳኳ። ኢልዳራ ልጅ ታቅፋ ወጣች፤ ከኋላዋ አንድ ጢማም ገበሬ ቆሟል። ጽሑፉ ከሥር መጣ። ጆሲ እያነበበ ለአባላቱ ተረጎመ፦

"አባቴ ፊት ሦስት ጊዜ ተንበርክከህ ወሰድከኝ። ከዚያ እመለሳለሁ ብለህ ሄድክ። ዘጠኝ ዓመት። እኔ ደጅ ላይ ቆሜ አላረጅም።"

ማሽኑ ሦስት ምርጫ አቀረበ፦ ይቅርታ ጠይቅ፣ ሰይፍህን ምዘዝ፣ ዝም በል። የኔሰው ምንም አልነካም። መጫወቻው ከእጁ ወደቀ። እንደ ሕፃን ምርር ብሎ አለቀሰ።

"ሽማግሌ ጥሩልኝ! እንዴት ሳታረዱኝ! እንዴት እንዲህ በአደባባይ!"

ኑሕ በዝናብ ሮጠ። ጋሼ ሀብተማርያም ጃንጥላቸውን ይዘው፣ ነጠላቸው ረጥቦ፣ እያለከለኩ ገቡ።

"ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተ" አለ ጆሲ። "አግብታበት ነው።"

"እሱንማ በግንቦት አርድተነዋል!"

"ሌላዋ ናት፣ ጋሼ።"

ሽማግሌው በቴሌቪዥኑ ላይ ልጅ ታቅፋ የቆመችውን ሴት አዩ። የኔሰውን አዩ። አጠገቡ ተቀመጡ።

"ፅዮንም ይህንኑ ብላኝ ነበር" አለ የኔሰው አፍንጫውን በእጅጌው እየጠረገ። "እዚሁ ደጅ ላይ። ያኔ አልሰማኋትም፣ ጋሼ። ሰርጓ መቼ ነው?"

"አለፈ። ባለፈው እሑድ።"

"ሳትጠራኝ?"

"ካርዱን በእናትህ እጅ ልካልህ ነበር። ክፉ ዜና ከሆነ በአንቀጽ ሰባት ነው የሚነገረኝ ብለህ አልከፍትም አልክ።"

የኔሰው አንገቱን ደፋ። ዝናቡ አባርቷል። ጋሼ ሀብተማርያም ከጠረጴዛው ላይ የጨዋታውን ማሸጊያ አነሡ። መነጽራቸውን አውጥተው ቀዩን ምልክት ቀረብ ራቅ እያደረጉ አነበቡት።

"ይሄ ነው አይደል፣ ለበሰለ ሰው ብቻ ነው የሚፈቀደው እያልክ የምትኮራበት?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ለአንተ ማን ሰጠህ?"