የአንጀቴ አስተርጓሚ

የትም አገር ሐኪም ቤት በር ላይ ሳይጠሩት የሚመጣ አስተርጓሚ አይጠፋም። ቋንቋ የማያውቀውን በሽተኛ ይረዳል፤ የሚያውቀውን ደግሞ ጭራሽ አይለቅም። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል መጥተን ሃይፋ ከተማ፣ ሃሊሳ ሰፈር ለምንኖር ለእኛ የደረሱን ክቡር አቶ ታፈረ ናቸው። እሳቸው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከሰፈራችን ማንም ሰው ብቻውን ታሞ አያውቅም።

መፈክራቸው «ቤሰደር፣ ለእኔ ተወው» ነው፤ ቤሰደር በዕብራይስጥ «እሺ» ማለት ነው። ሲተረጉሙ ቃል አይጨምሩም፣ አይቀንሱም። ወይዘሮ ድንቄ ሐኪም ፊት «ልጄ አንጀቴን አሳረረው» ብለው አለቀሱ። አባ ታፈረ በዕብራይስጥ «ልጇ አንጀቷን አቃጥሎታል» አሉ። ሐኪሙ ደንግጦ «በምን?» ሲል፣ ወይዘሮ ድንቄን ጠይቀው መልሱን አመጡለት፦ «ባገባት ሴት።»

እኔም እዚያው ነበርኩና ላርማቸው ብሞክር «አንተ በልጅነትህ ወደዚህ አገር የመጣህ፣ ስለ አንጀት ምን ታውቃለህ?» ብለው አሳፈሩኝ።

በጦርነቱ የካትዩሻ ሮኬት ሃይፋ ላይ በዘነበ በዓመቱ ተራው የእኔ ሆነ። ትልቁ አንጀቴ ውስጥ እብጠት ተገኘ። እብጠቱ ላይ ላዩን ከሆነ በቱቦ ተቆርጦ ይወጣል፤ ወደ አንጀቱ ግድግዳ ዘልቆ ከገባ ግን ሆዴ ይከፈታል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ወጣቱ ዶክተር ሊኦን አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ይህን ለመለየት ጫፉ ላይ አልትራሳውንድ ያለበት ቀጭን ቱቦ በኋላ በር ገብቶ ግድግዳውን ንብርብር በንብርብር ያያል።

በዕብራይስጥ ተምሬ በዕብራይስጥ የማስተምር ሰው ነኝና አስተርጓሚ አያስፈልገኝም ብዬ ለአባ ታፈረ ነገርኳቸው። «ቤሰደር» አሉና ቀድመውኝ አውቶቡሱ ላይ ተቀመጡ። ለተሳፋሪውም «ለአልትራሳውንድ እየወሰድኩት ነው» ብለው አበሰሩ። ሃሊሳ አልትራሳውንድን የሚያውቀው በእርጉዝ ነው። ጎረቤታችን ወይዘሮ ዘርፈሽ ሆዴን አየት አድርገው «በሰላም ይገላግልህ» አሉኝ። አሜን አልኩ፤ ሌላ ምን ይባላል?

ምርመራው አለቀ። ዶክተር ሊኦን ምስሉን ይዞ መጣና ማስረዳት ጀመረ። አፉ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ አንድም ቃል ግን አልገባኝም። ልጆቼን ያሳደግኩበትን ዕብራይስጥ ፍርሃት ጠራርጎ ወስዶታል። ወደ አባ ታፈረ ዞሬ፣ ልክ እንደ ወይዘሮ ድንቄ፣ «ምን አለ?» አልኳቸው።

አልሳቁብኝም። ወንበራቸውን አስጠግተው እጄን ያዙኝ። «ስማኝ ልጄ፤ ጎንደር ቤት ሲሠራ አላየህም? እንጨቱ ግድግዳ ነው፤ ላዩ ላይ የሚለጠፈው ጭቃ ምርጊት ነው። ያንተ ነገር ምርጊቱ ላይ ነው ያለው። ግድግዳው አልተነካም።»

«ደግመው ይንገሩኝ።»

«ምርጊቱ ላይ ነው። በቱቦ ያነሱታል።»

እንባዬ መጣ። «አባ ታፈረ፣ አንጀቴን አራሱት» አልኳቸው።

ወዲያው ወደ ዶክተሩ ዞረው በዕብራይስጥ «አንጀቱ ረጥቧል ይላል» አሉት። ዶክተር ሊኦን ግንባሩን ቋጥሮ ምስሉን እንደገና ብርሃን ላይ አነሳው። ዕብራይስጤ ተመልሶልኝ ነበርና ላርማቸው አፌን ከፈትኩ፤ ግን ተውኩት። እኚህን ሰው እወዳቸዋለሁ።

«ውሃ አይታየኝም» አለ ዶክተሩ፣ በዕብራይስጥ።

አባ ታፈረ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ውሃ አይታየኝም ይላል» አሉኝ።

ይህንኛውን እንኳ በራሴ ሰምቼው ነበር። ቢሆንም ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ይጥመኛልና «እሺ አባ» አልኳቸው።