የጋሽ ሞላልኝ ሁለተኛው ሳጥን

ሀበሻ በተሰበሰበበት ከተማ ሁሉ አንድ የድምፅ ሰው አይጠፋም። ፓስተር ሊጠፋ ይችላል፤ ኮሚቴው ለሁለት ተከፍሎ ላይነጋገር ይችላል፤ የድምፅ ሰው ግን አለ። ሠርግ ሲጠራ ከሙሽሮቹ በፊት ስፒከሮቹን ነው የሚጎበኘው። ጥግ ላይ ቆሞ አንዴ ያጨበጭባል፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል፣ ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው «ይሄ አዳራሽ ችግር አለበት» ይላል። ምግቡ ቢያልቅ ግድ የለውም።

የካናዳዋ ካልጋሪ የድምፅ ሰው ክቡር ጋሽ ሞላልኝ ናቸው። «ክቡር» የሚለውን የጨመረችላቸው ሚስታቸው ቆንጅት ናት፤ የምትጠቀምበትም ስትናደድባቸው ነው። ቀን ቀን ዳውንታውን ካሉት ፎቆች በአንዱ የጥገና ሠራተኛ ናቸው። ካስልሪጅ ሰፈር ያለው ሳሎናቸው ውስጥ ግን ከሚኒስትር አያንሱም።

ነገሩ የተጀመረው በፈረንጆቹ 1994፣ በረዶው ገና እንደጣለ ነው። ጋሽ ሞላልኝ ሰንሪጅ አካባቢ ካለ ሱቅ አንድ ሰብውፈር ገዝተው መጡ። ሰብውፈር ማለት የዘፈኑን ወፍራም ድምፅ፣ ቤዙንና ከበሮውን ብቻ የሚያወጣ ጥቁር ሳጥን ነው። ቆንጅት ስሙን መጥራት አቅቷት አይደለም፤ አልፈለገችም። «ሳጥኑ» አለችው፣ ሳጥኑ ሆኖ ቀረ።

ሳጥኑን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀምጠው የመዘምራን ካሴት ሲከፍቱ ነው የዕድሜ ልክ ችግራቸው የተገለጠላቸው። ሶፋው ግራ ጫፍ ላይ ቤዙ ሙሉ ነው፤ ደረት ድረስ ይገባል። መስኮቱ ጋ ያለው ወንበር ላይ የለም፤ ጭራሽ ጠፍቷል። ጥጉ ላይ ያለው ትልቁ ባለመደገፊያ ወንበር ላይ ደግሞ ተጠራቅሞ ያጉረመርማል። ለመጣ ሰው ሁሉ ያስረዳሉ፦ ወፍራም ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰ አንዱ ቦታ ይከማቻል፣ ሌላው ቦታ እርስ በርሱ ይጠፋፋል።

«ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም፣ የክፍሉ ነው» ይላሉ። «ግማሹ እንግዳ ወጥ ደርሶት ግማሹ ካልደረሰው ግብዣ ይባላል? ቤዝም እንደዚያው ነው። መዳረስ አለበት።»

ብቻውን ለሚኖር ሰው አንድ ጥሩ ወንበር ይበቃዋል። የሀበሻ ቤት ግን እንግዳ አያጣም፤ እንግዳ ሲገባ ደግሞ ባለቤቱ ከጥሩው ወንበር ይነሳል። ጋሽ ሞላልኝ ያንን የሶፋ ጫፍ ለጎረቤት፣ ለጎረቤት ዘመድ፣ አንዴም የቤቱን ማሞቂያ፣ ፈርነሱን ሊጠግን ለመጣ ፈረንጅ ለቀዋል። እሳቸው ግድግዳ ተደግፈው ይቆሙና የተቀመጠውን ሰው ፊት ፊቱን ያዩታል። «ሰማኸው? አሁን የመጣውን ሰማኸው?» ይላሉ። ሰውየው አዎ እስኪል አይለቁትም።

አንድ ቀን መጽሔት ላይ ዘዴ አነበቡ። ሳጥኑን ራሱን ሶፋው ላይ ታስቀምጠዋለህ፣ ትከፍተዋለህ፣ አንተ ወለሉ ላይ እየዳህክ ቤዙ የሚያምርበትን ቦታ ትፈልጋለህ፤ ያገኘህበት ቦታ የሳጥኑ ቦታ ይሆናል። ዕለቱ የቤት ኅብረት ጸሎት እነሱ ቤት የሚደረግበት ነበር። ጋሽ ሞላልኝ ከሥራ በጊዜ ገቡና ሳጥኑን ሶፋው ላይ ጎልተው መዳህ ጀመሩ። ቆንጅት ኩሽና ነበረች። የኅብረቱ ሰዎች ቀደም ብለው ደረሱ፣ በር ላይ ጫማቸውን አወለቁ፣ ገቡ። ጋሽ ሞላልኝ ጥግ ውስጥ ተንበርክከው፣ ግንባራቸው ምንጣፉን ሊነካ ትንሽ ቀርቶት፣ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እንግዶቹ ተያዩ። ከዚያም ኮሽታ ሳያሰሙ አንድ በአንድ ተንበረከኩ።

ቆንጅት ሳህን ይዛ ስትወጣ ሳሎን ሙሉ ሰው ተንበርክኮ አገኘች። ሶፋው ላይ የተቀመጠው ሳጥኑ ብቻ ነው። ይባስ ብሎ የቤተ ክርስቲያኑ ትልቅ ሽማግሌ ጋሼ አባይነህ «ጌታ ሆይ፣ በወንድማችን ላይ የከበደውን ሸክም አንሳለት» ብለው ረጅም ጸሎት ጸለዩ። ጋሽ ሞላልኝ ቀና ሲሉ አሜን ከማለት ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም። እንግዶቹ እስኪሄዱ ቆንጅት ሳቋን እንዴት እንደቻለችው እሷ ናት የምታውቀው።

ሳቁ ያለቀው የምሥራች ጉዳይ ሲመጣ ነው። ምሥራች አንዲት ልጃቸው ናት፤ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ወጣቶች አንዱ ማትያስ ሊያገባት ፈልጎ ሽማግሌ እንደሚልክ ተሰማ። ቆንጅት ደስታዋን የምታስቀምጥበት አጣች። እሷ ራሷ ያገባችው ካርቱም ውስጥ ነው፤ ሁሉም ተሰዳጅ፣ ጠያቂም ተጠያቂም የለም፣ ሽማግሌ ደጃቸው አልቆመም። ለልጇ ግን ወጉ ሳይጓደል እንዲደረግላት ትፈልጋለች። ሽማግሌዎቹን የሚመሩት ደግሞ ጋሼ አባይነህ መሆናቸው አስፈርቷታል። ሰውየው ደግ ናቸው፣ በመቀመጫ ጉዳይ ግን ቀልድ አያውቁም። ራንድል ሰፈር ከተደረገ አንድ ሠርግ ካፖርት መስቀያው አጠገብ ስላስቀመጧቸው ሳይበሉ ወጥተዋል።

«ሞላ፣ ቅዳሜ ሳጥኑ አይከፈትም» አለች።

«አይከፈትም።»

«ቃልህን ስጠኝ።»

«ቃሌ ነው አልኩሽ እኮ።»

ቃላቸውን ጠበቁ። ሳጥኑ አልተከፈተም፤ ጥፋቱ የመጣው በሌላ በኩል ነው።

ቅዳሜ ሦስት ሽማግሌዎች ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ቡትሳቸውን በር ላይ አውልቀው፣ በካልሲ ሳሎኑ መሐል ቆሙ። እንደ ወጉ «ጉዳያችንን ሳትሰሙልን አንቀመጥም» አሉ። እንደ ወጉ ተለመኑ። ሁለቱ ሶፋው ላይ አረፍ አሉ። ጋሼ አባይነህ በሩን ፊት ለፊት ወደሚያየው፣ ጥጉ ላይ ወዳለው ትልቅ ወንበር አመሩ። በዚያ ቤት የክብር ቦታው እሱ ነው፤ ማንም ገብቶ ቢያይ ያውቀዋል።

ጋሽ ሞላልኝ ክንዳቸውን ያዝ አደረጉ። «እዚያስ አይሁን ጋሼ። እዚያ ጥሩ አይደለም።»

«የት ይሁን ታዲያ?»

ጋሽ ሞላልኝ ክፍሉን ቃኙ። የሶፋው ግራ ጫፍ ተይዟል፤ ከሽማግሌዎቹ በዕድሜ ትንሹ ተቀምጦበታል። ከምግብ ጠረጴዛው አንድ ወንበር ሳቡና ኩሽና መግቢያው ላይ አስቀመጡት። «እዚህ ይሻልዎታል» አሉ፣ መልካም ነገር እንዳደረገ ሰው ፈገግ ብለው።

ቆንጅት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ጋሼ አባይነህ ተቀመጡ፣ ኩሽናውን አዩ፣ ሶፋው ላይ የተንሰራፋውን ጎልማሳ አዩ፣ ተነሡ። «ቦታችንን አሳይታችሁናል፣ እግዚአብሔር ይስጥልን» አሉ። ሦስቱም መተላለፊያው ላይ ጎንበስ ብለው ቡትስ ማሰር ያዙ። ቡትስ ማሰር ጊዜ ይወስዳል።

በሩ እንደተዘጋ ምሥራች ከላይ ወረደች።

«ዳዲ፣ አር ዩ ሲሪየስ? ማሽኑ እኮ ኦፍ ነበር።»

«ልማድ ሆኖብኝ ነው ልጄ። ጥጉ ላይ ያጉረመርምባቸዋል ብዬ…»

«ምኑ ነው የሚያጉረመርመው? ኦፍ ነው እያልኩህ። ማቲ ኮል አድርጎ ምን ልበለው?»

ቆንጅት አኮረፈች፤ አኩርፋ ሰነበተችና አንድ ቀን ራት ላይ ተናገረች።

«ክቡር ሆይ፣ ሁለት ነገር ታደርጋለህ። ጋሼ አባይነህ ዘንድ ሄደህ እግራቸው ላይ ትወድቃለህ። እነሱ ተመልሰው መጥተው ነገሩ ያለቀ ቀን ደግሞ ሳጥኑ ታች ቤዝመንት ይወርዳል፣ አይወጣም።»

«እሺ» አሉ ጋሽ ሞላልኝ። በሁለቱም ተስማሙ። በማግስቱ ግን ሌላ ሳጥን ተሸክመው ገቡ።

ቆንጅት ለመቆጣት እንኳ አቅም አነሳት። «ያልኩህ አንዱን አውርድ ነው።»

«ሁለቱም ይወርዳሉ፣ ቃል ቃል ነው። እስከዚያ ግን ጋሼ የመረጡት ወንበር ላይ ሲቀመጡ ማንም እንዳይከለክላቸው ነው። እኔ ራሴን ስለማላምነው።»

አንዱን ሳጥን ከፊት ለፊቱ ግድግዳ መሐል፣ ሌላውን ከኋለኛው ግድግዳ መሐል አስቀመጡ። የሁለቱንም ድምፅ ቀንሰው ካሴት ከፈቱ። ቆንጅት ጆሮዋን ልትይዝ ተዘጋጅታ ነበር፤ ሁለት ከሆነ ጩኸቱም እጥፍ ይሆናል ብላ። አልጮኸም። ጋሽ ሞላልኝ እጇን ይዘው መስኮቱ ጋ አስቀመጧት፣ ቀጥለው ጥጉ ላይ፣ ቀጥለው ኩሽና መግቢያው ላይ። የትም ያው ነው፤ ከበሮው እኩል ይሰማል፣ የሚያጉረመርም ነገር የለም።

«ታዲያ ያ ሁሉ ድምፅ የት ሄደ?» አለች።

«የትም አልሄደም። ተዳረሰ።»

ቆንጅት ደስ እንዳላት አልነገረቻቸውም።

ቀጥሎ ጋሼ አባይነህ ዘንድ ሄዱ፣ እግራቸው ላይ ወደቁ፣ ይቅርታ ጠየቁ። ያ ይበቃ ነበር። ጋሽ ሞላልኝ ግን ቤዝ ጥግ ላይ ለምን እንደሚጠራቀም ከመጀመሪያው ጀምረው ማስረዳት ያዙ። ጋሼ አባይነህ አንዱም አልገባቸውም፤ ግን ሰው እንዲህ ያለ ነገር ፈጥሮ አይዋሽም ብለው ይሁን ሰልችቷቸው፣ «በቃ፣ እንመጣለን» አሉ።

ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ነፍሶ በረዶው በቀለጠበት ቅዳሜ መጡ። «ጋሼ፣ ደስ ባለዎት ቦታ» አሉ ጋሽ ሞላልኝ፣ ሁለት እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው። ጋሼ አባይነህ በጥርጣሬ አይተዋቸው ወደ ጥጉ ወንበር ሄዱ። ክንዳቸውን የያዘ የለም።

ጥያቄው ቀረበ፤ ልጃችሁን ለልጃችን። ወጉ «እንመካከርና መልስ እንሰጣለን» ማለት ነው። ጋሽ ሞላልኝ ግድግዳውን እንደተደገፉ ምን ቢሉ ጥሩ ነው፦ «አንድ ጥያቄ አለኝ። ማትያስ ቤት እንግዳ ሲሄድ እሱ ራሱ የት ነው የሚቀመጠው?»

አመሉ ተመለሰበት፣ አለች ቆንጅት በሆዷ። ልጄን በወንበር ሊያስቀርብኝ ነው።

ጋሼ አባይነህ አሰቡ። «ማትያስ? እሱ ደግሞ መቼ ይቀመጣል? እኔ ስሄድ ያለችውን አንድ ደህና ወንበር ለቆልኝ ቆሞ ነው የሚያወራኝ። ሰው ከበዛም ወለሉ ላይ ነው።»

«እንግዲያው ሰጥተናችኋል» አሉ ጋሽ ሞላልኝ።

እንመካከር የለ፣ ቀጠሮ የለ። ቆንጅት ልትቃወም ብላ ተወችው። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህ ሰው ከሳጥን ሌላ ነገር አያይም ስትል ኖራለች። እሱ ለካ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ሰው ነው ሲያይ የኖረው። ወደደችው፤ እንደ ካርቱሙ ጊዜ ወደደችው።

ሽማግሌዎቹ እየተሳሳቁ ቡትሳቸውን አስረው ሄዱ። ምሥራች ስልክ ይዛ ወደ ላይ ሮጠች። ቆንጅት ብርጭቆ መሰብሰብ ጀመረች። ጋሽ ሞላልኝ ደግሞ ቃላቸውን ሊፈጽሙ ከኋለኛው ሳጥን ሥር ተንበርክከው ሽቦውን ነቀሉ። ነቅለው እዚያው ቆዩ።

«ቆንጅዬ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። «ከእንግዲህ ምሥራች ወደዚህ ስትመጣ እንግዳ ናት አይደል?»

ቆንጅት ብርጭቆ እንደያዘች ወደ እሳቸው ዞረች።

«የት እናስቀምጣታለን?»

ቆንጅት ሶፋውን አየች፣ መስኮቱ ጋ ያለውን ወንበር አየች፣ ጥጉን አየች። የያዘችውን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

«የትም ትቀመጥ» አለች። «ሽቦውን መልሰህ ሰካው።»