የአዴ ዘሃራ ስም እስኪጸዳ

ዕዳ ጨርሶ መክፈል እንቅልፍ ይሰጣል ይላሉ፤ እውነት ነው። ግን እናንተ መክፈላችሁን ባወቃችሁበትና ሌላው ሰው ባወቀበት ቀን መካከል ስላለው ጊዜ አስባችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላሰብኩም ነበር፤ ጎረቤቴ አዴ ዘሃራ ባንክ ድረስ አብረሽኝ ነይ እስካሉኝ ድረስ።

አዴ ዘሃራን ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር ውስጥ የማያውቃቸው የለም። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከአጋሮ ገበሬዎች እሸት ቡና እየገዙ አድርቀው ይሸጣሉ። አንድ ዓመት የቡና ዋጋ ወደቀና አጋሮ ካለው ባንክ የወሰዱት ብድር መክፈያው ቀን እያለፈባቸው ተቸገሩ። በመጨረሻ የአንገት ወርቃቸውን ሸጠው አንድም ሳያስቀሩ ከፈሉ፤ ባንኩም መክፈላቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ሰጣቸው። ያን ሰሞን ሰደቃ አብልተውናል።

ዘንድሮ ቡናው መቅላት ሲጀምር፣ እዚሁ ጅማ ወዳለ ሌላ ባንክ ብድር ሊጠይቁ ሄድን። አዳራሹ ነጋዴ በነጋዴ ነበር። ወጣቱ ሠራተኛ ኮምፒውተሩን አየና፣ ድምፅ ዝቅ ማድረግ የሚባል ነገር ሳይማር ያደገ መሰለኝ፣ "እማማ፣ ያልከፈሉት ዕዳ አለብዎት" አላቸው። ደብዳቤውን አወጡለት። ሠራተኛውም፣ ደብዳቤው ጥሩ ነው፣ እኔ ግን የማየው የባንኮች ሁሉ የብድር መረጃ የሚከማችበትን ማዕከል ነው፣ እዚያ ያለውን የሚያስተካክለው ያበደረዎት ባንክ ነው አለ። አዴ ዘሃራ ሻሻቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አድርገው ወጡ። መናኸሪያ ስንደርስ "ማል ጎና፣ ምን ይደረጋል" ብለው የአጋሮ ሚኒባስ ገቡ።

የአጋሮው ባንክ ሥራ አስኪያጅ ትሁት ናት። ብድሩ እሷ ዘንድ ተዘግቷል፤ ለማዕከሉ ግን ማንም አላሳወቀም። ይቅርታ ጠይቃ ማስተካከያውን እዚያው ላከች። ከዚያ፣ ክፉ ውጤት እንደያዘ ሐኪም ቀስ ብላ፣ አንድ ነገር ጨመረችልን፤ ተከፍሏል ተብሎ ይጻፋል እንጂ ዘግይተው መክፈላቸው ወዲያው አይፋቅም፣ አብሮ ይታያል። ልከራከር አፌን ስከፍት አዴ ዘሃራ ክንዴን ያዙኝ።

"ተይ ልጄ። ዘግይቼ የለም እንዴ? እውነቱ ይቀመጥ። ያላደረግኩትን ብቻ ያንሱልኝ።"

ከሳምንታት በኋላ መረጃው ተስተካከለ፤ ብድሩም ተፈቀደ። ምርጡ እሸት ግን አልፎ ነበር። የቀረውን ገዝተው አልሃምዱሊላህ አሉ።

እዚህ ላይ ብጨርስላችሁ ደስ ባለኝ። በቀደም ጅሬን ሰፈር ሰርግ ተጠርተን ጎን ለጎን እንደተቀመጥን፣ ከኋላችን ያለች ሴት ለጓደኛዋ "ምስኪን ዘሃራ፣ ባንክ ቤቷን ሊሸጥባት ነው አሉ" ስትል ሰማን።

እኔ ልመልስላት ዞር አልኩ። አዴ ዘሃራ ግን ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አድርገው በጆሮዬ እንዲህ አሉኝ፦

"የዚህችን ደግሞ የሚያስተካክለው የትኛው ቅርንጫፍ ነው?"