ብርድ የመታው አምፕሊፋየር

በጋይንት የማይታወቅ በሽታ የለም፤ ያለው በሽታ አንድ ብቻ ነዋ፤ ብርድ። ራስህን ቢያምህ ብርድ፣ ጉልበትህን ቢቆረጥምህ ብርድ፣ ሚስትህ ብታኮርፍም ብርድ ሳይነካት አይቀርም። መድኃኒቱም አንድ ነው፤ ጋቢ። እንዲያው ፍረዱኝ፣ ከተማችን ራሷ ንፋስ መውጫ ተብላ ሌላ በሽታ ከየት ይመጣል?

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ሁሉም ነገር ይደራጅ በነበረበት ዘመን ነው። ገበሬው ተደራጀ፣ ሴቱ ተደራጀ፣ ወጣቱ ተደራጀ። እኔም የጂኦግራፊ አስተማሪው፣ በስንት መከራ ያጠራቀምኳቸውን ትራንስፎርመር፣ አምፕሊፋየርና ቴፕ አደራጀኋቸው። አከራዬ እትዬ ይታይሽ ልጃቸውን የሺን ሊድሩ ነበር። አዝማሪ ድሮ ቀረ፣ የኔ ልጅ በቴፕ ነው የምትዳረው ብለው ለአገሩ ሁሉ አውርተዋል። አዝማሪውንም አያስፈልግም ብለው ስለመለሱት ለሌላ ሠርግ እስቴ ወርዷል።

ችግሩ ቦታ ነበር። እትዬ ይታይሽ እንዲህ ያለ ዕቃ መሬት አይቀመጥም፣ ቡፌ ውስጥ ይግባ አሉ። ቡፌው ደግሞ በብርጭቆ ተሞልቷል። ብርጭቆዎቹ ይነሱ ብል ያዩኝን አስተያየት እስካሁን አልረሳሁትም። በስንት ልመና አንድ መደርደሪያ ለቀቁልኝ። ትራንስፎርመሩን ከታች፣ አምፕሊፋየሩን ከመሃል፣ ቴፑን ከላይ ደራርቤ በግድ አስገባሁ። በመካከላቸው ምላጭ አያሳልፍም። ስለ ጭቆና ያን ሁሉ ስብሰባ ተቀምጬ የሰማሁ ሰው፣ መሃል ላይ የተጨቆነው አልታየኝም። እትዬ ይታይሽም ዳንቴል ጣል አደረጉበትና መስታወቱን ዘጉት።

ዋዜማውን ማዘጋጃ ቤቱ ሞተሩን አስነስቶ መብራት ሲመጣ ሞከርነው። ለትንሽ ጊዜ ሰፈሩን አናጋው። ከዚያ ድምፁ ጎረነነ፣ ተቆራረጠ፣ ዝም አለ። እትዬ ይታይሽ እጃቸውን ሰደው ቢዳስሱት ያተኩሳል። ድምፁ ጎርንኗል፣ ያተኩሳል፤ ከዚህ በላይ ምን ምርመራ ያስፈልጋል? ብርድ መትቶታል አሉና በአዲስ ጋቢ ጠቀለሉት። እንዳትስቁባቸው። ነፋስ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚነፍስ የማስተምረው እኔ፣ ጋቢውን ከስር ከስሩ ስወትፍላቸው ነበር።

የሠርጉ ዕለት አመሻሽ ላይ ሙሽራው አጃቢውን አስከትሎ ከጎረቤት ከተማ ከወገዳ ደረሰ። አምፕሊፋየሩ ጋቢውን እንደለበሰ ተከፈተ፤ ቴፑ አንድ ዘፈን እንኳ ሳይጨርስ ድምፁ ጎረነነና ጸጥ አለ። የሙሽራው አጎት፣ በቤተ ልሔም ደብር ድጓ የሚያስተምሩት መሪጌታ፣ ለሠርግ የተጠራን መስሎኝ ነበር፣ ለካ ለተዝካር ኖሯል አሉ። አጃቢው በሳቅ ፈረሰ። የሺ በቬሏ ውስጥ ማልቀስ ጀመረች። እትዬ ይታይሽ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ ከሰው በታች አደረግኸኝ ልጄ አሉኝ በቀስታ። እውነቱን ለመናገር መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው የፈጣሪ ሥራ ነው። እንግዳው ከታሰበው በላይ ሆነና ብርጭቆ አነሰ። ከቡፌው ጥግ ያሉትን ብርጭቆዎች ለማውጣት የኔ ጓዝ መንገድ ዘጋ። እትዬ ይታይሽ ጋቢውን ገፈው፣ በረደኝ ላሉት መሪጌታ ደረቡላቸው። እኔም መስኮቱን ከፍቼ ሦስቱንም ዕቃ ከነሽቦአቸው የመስኮቱ ደፍ ላይ ጎን ለጎን ደረደርኳቸው። ነፋሱ የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ ገባ። ትንሽ ቆይቶ መሪጌታ ለምርቃት ተነስተው እጃቸውን ሲዘረጉ አምፕሊፋየሩ ባለ በሌለ ኃይሉ ዘፈነ። ቤቱ በእልልታ አሜን አለ።

ያኔ ነገሩ ገባን። በረደን ብለው መስኮቱን ሲዘጉት ይጎረንናል፣ ሲከፍቱት ይዘፍናል። መስኮቱ ተከፍቶ ቀረ፤ የጋይንት ነፋስም ሳሎኑን ተረከበ። የተቀመጠ ሰው ደረቀ ማለት ስለሆነ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። አማቾቹ ጨፈሩ፣ ሽማግሌው ጨፈረ። መሪጌታም ጋቢያቸውን እንደደረቡ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ፤ እስክስታ ይሁን ብርድ ግን አላጣራሁም። ወገዳዎች እንዲህ ደስ ያለው ሠርግ አይተን አናውቅም እያሉ ዛሬም ያወራሉ አሉ።

በማግስቱ ከኔ ጀምሮ የሠርግ ቤቱ ሰው ሁሉ ድምፁ ጎርንኖ፣ ትኩሳት ይዞት ዋለ። እትዬ ይታይሽ ለበሽተኛው ሁሉ ጋቢ ሲያለብሱ መስኮቱ ጋ ደረሱና አምፕሊፋየሩን ዳሰስ አደረጉት። ቀዝቅዟል። እግዜር ይመስገን እሱስ ተሽሎታል አሉ፤ በኛ ላይ አጋብቶብን ነው እንጂ።